የሃይኪንግ ዱላን በልክ ማስተካከል፦ ከደብረ ብርሃን ሜዳ እስከ አልዩ አምባ ቁልቁለት

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይነት መሬት ላይ መሄድ አይታሰብም። ጠዋት ደብረ ብርሃን አካባቢ ለጥ ባለ ሜዳ ትጀምራላችሁ። ወደ ምሥራቅ ስትገፉ ሜዳው ድንገት ያልቅና ገደሉ ከእግራችሁ ሥር ይከፈታል። ከዚያ በኋላ ያለው ወይ ቁልቁለት ነው፣ ወይ ዳገት፣ ወይ ደግሞ በተራራው ወገብ ላይ አግድም የምትሄዱበት ቀጭን የከብት መንገድ።

ስለዚህ «ቁመቴ 1 ሜትር ከ70 ነው፣ ዱላዬን ስንት ላይ ልቆልፈው?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው አንድ ቁጥር ሰጥቶ መገላገል አይቻልም። መነሻ ቁጥር አለ፤ እሱን እናወጣለን። ከዚያ በኋላ ቁጥሩን የሚወስነው መሬቱ ነው።

ከሁሉም በላይ የማየው ችግር የዱላው መርዘም ነው። ሰው አዲሱን ዱላ ከካርቶኑ ያወጣና እስከ መጨረሻው ስቦ ይቆልፈዋል። ምናልባት ዓይናችን የለመደው የቤተ ክርስቲያኑን መቋሚያ ስለሆነ ይሆናል። መቋሚያ ግን ቆመው የሚደገፉበት ነው፤ የሃይኪንግ ዱላ ደግሞ እየሄዱ የሚገፉበት ነው። ልካቸው አይገናኝም።

መጀመሪያ ዱላውን እወቁት

ብዙዎቻችን ዱላውን የምናገኘው ከውጭ ዘመድ ልኮልን ወይም ከጓደኛ ተውሰን ነው። የአጠቃቀም ወረቀቱ አብሮ አይመጣም። ስለዚህ ቤት ውስጥ፣ ሳትቸኩሉ፣ ፈታታችሁ እዩት።

ከላይ መያዣው አለ። ከስፖንጅ፣ ከቡሽ ወይም ከጎማ ይሠራል። መያዣው ላይ የእጅ ማሰሪያ ተንጠልጥሏል። ዘንጉ ብዙ ጊዜ አንዱ በሌላው ውስጥ የሚገባ 3 ክፍል ነው። በዘንጉ ላይ በሴንቲሜትር የተጻፉ ቁጥሮች ታገኛላችሁ፤ አብዛኛው ዱላ እስከ 130 ወይም 135 ይደርሳል። መጋጠሚያዎቹ ላይ መቆለፊያ አለ። ከታች ሹል ብረት፣ ብረቱ ላይ የሚጠለቅ የጎማ ቆብ፣ ከብረቱ ትንሽ ከፍ ብሎ ደግሞ ክብ ፕላስቲክ አለ።

አንድ ምልክት ሳታዩ እንዳታልፉ። ከቁጥሮቹ መጨረሻ ላይ መስመር ወይም «ቁም» የሚል ትርጉም ያለው ጽሑፍ ይኖራል። ዘንጉን ከዚያ መስመር በላይ አትሳቡት። ካለፈ ውስጥ የቀረው ክፍል በጣም ያጥራል፤ ክብደታችሁን ስትጥሉበት ዱላው መጋጠሚያው ላይ ይታጠፋል ወይም ይሰበራል። ቁልቁለት ላይ ይህ ቀልድ አይደለም።

እንደ ድንኳን ዘንግ ተጣጥፎ የሚገባ ዱላ ከሆነ ያላችሁ፣ አንዳንዱ ቁመቱ ጭራሽ አይቀየርም። እሱን ስትገዙ ነው ልካችሁን መምረጥ ያለባችሁ።

መነሻ ልኩን ማውጣት

የምትሄዱበትን ጫማ አድርጉ። ነጠላ ጫማ አድርጋችሁ ለክታችሁ ወፍራም ሶል ባለው ቦት ብትሄዱ ልኩ ይለወጣል። የጎማ ቆቡንም አስቡ፤ ቆቡን አጥልቃችሁ የምትሄዱ ከሆነ ስትለኩም ይጠለቅ።

ለጥ ያለ ወለል ላይ ቀጥ ብላችሁ ቁሙ። ትከሻችሁን ልቀቁት። ክርናችሁን ወደ ጎናችሁ አስጠጉ፣ ዱላውን ያዙ፣ ጫፉን ከእግራችሁ አጠገብ ትከሉ። አሁን ክርናችሁ በ90 ዲግሪ መታጠፍ አለበት፤ ማለትም ከክርን እስከ እጅ ያለው ክንዳችሁ ከወለሉ ጋር ትይዩ ይሆናል። እጃችሁ ወደ ላይ ካዘነበለ ዱላው ረዝሟል። ወደ ታች ካዘነበለ አጥሯል። ራስን ማየት ያስቸግራል፤ መስታወት ፊት ቁሙ ወይም ቤት ያለ ሰው ከጎን እንዲያያችሁ አድርጉ።

ዱላው እጃችሁ ላይ ከሌለ፣ ለምሳሌ ሰው እንዲገዛላችሁ ልታዙ ከሆነ፣ ቁመታችሁን በ0.68 አባዙት። 1 ሜትር ከ60 የሆነ ሰው 109 ሴንቲሜትር አካባቢ ያገኛል። 1 ሜትር ከ70 የሆነ 116 አካባቢ፣ 1 ሜትር ከ80 የሆነ ደግሞ 122 አካባቢ። ይህ ግምት ነው። እጁ ረጅም የሆነ ሰው አለ፣ እግሩ ረጅም የሆነም አለ። ስሌቱና ክርናችሁ ካልተስማሙ ክርናችሁን እመኑ።

ቁጥሩን አንዴ ካገኛችሁት ስልካችሁ ላይ ጻፉት፤ ወይም በማይለቅ ማርከር ዘንጉ ላይ ምልክት አድርጉ። በተለይ ዱላ የምትዋዋሱ ከሆነ በየጉዞው ከዜሮ መጀመር ይሰለቻል።

ባለ 3 ክፍሉን ዱላ እንዴት እንከፋፍለው?

እዚህ ላይ ትንሽ ብልሃት አለ፤ ብዙ ሰው አያደርገውም። ዱላው የሚረዝመው ሁለት ቦታ ላይ ነው፤ ላይኛው መጋጠሚያና ታችኛው መጋጠሚያ። 116 ለማምጣት ላይኛውን እስከ ጥግ ስባችሁ የቀረውን በታችኛው ብትሞሉ ቁጥሩ ይመጣል። ግን መንገድ ላይ ማስረዘም ስትፈልጉ ላይኛው ጥግ ደርሷል። ጎንበስ ብላችሁ ጭቃ የነካውን ታችኛውን መክፈት ሊኖርባችሁ ነው።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ፦

1. ሁለቱንም መቆለፊያ ክፈቱ።
2. ላይኛውን መጋጠሚያ ከቁጥሮቹ መካከል ላይ ቆልፉት።
3. አሁን ታችኛውን እየሳባችሁ ወይም እየገፋችሁ ክርናችሁ 90 ዲግሪ እስኪሆን አስተካክሉና ቆልፉት።
4. ሁለተኛውን ዱላ በዚያው ቁጥር አድርጉና ጎን ለጎን አቁማችሁ አስተያዩ።

ከዚህ በኋላ መንገድ ላይ የምትነኩት ላይኛውን ብቻ ነው። ለዳገት የሚያጥርበት ቦታ አለው፣ ለቁልቁለት የሚረዝምበትም ቦታ አለው። ቆማችሁ፣ ሳታጎነብሱ፣ ጓንት አድርጋችሁም ቢሆን ትጨርሱታላችሁ። መንዝ ውስጥ ባለው የጓሳ ደጋ ላይ ጠዋት በውርጭ ጣታችሁ ሲደነዝዝ የዚህ ጥቅም ይገባችኋል።

መቆለፊያው ይይዛል?

ልኩ ትክክል ሆኖ መቆለፊያው ካልያዘ ድካማችሁ ከንቱ ነው። መቆለፊያ በሁለት ዓይነት ይመጣል።

አንደኛው በአውራ ጣት የሚከፈትና የሚዘጋ ክሊፕ ነው። ሲዘጋ ትንሽ መታገል አለበት። ያለምንም ችግር ጠቅ ብሎ ከተዘጋ ላልቷል። ክሊፑ ጎን ትንሽ ቪቴ ታያላችሁ። አንዳንዱ በእጅ ይዞራል፣ አንዳንዱ ካቻቢቴ ይፈልጋል። በትንሽ በትንሹ አጥብቁና እንደገና ዝጉት። ከመጠን በላይ ማጥበቅም ጥሩ አይደለም፤ ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል።

ሁለተኛው ዘንጉን በመጠምዘዝ የሚቆለፈው ነው። በእጅ ኃይል ብቻ አጥብቁት፤ ፒንሳ አታምጡ። የዚህ ዓይነቱ የታወቀ ጠባይ አለው። አንዳንዴ ዝም ብሎ ይሽከረከራል፣ አይይዝም። ያኔ ታችኛውን ዘንግ ጭራሽ አውጡት። ጫፉ ላይ የሚሰፋ ፕላስቲክ አለ። አቧራውን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፣ ፕላስቲኩን በጣታችሁ ትንሽ አዙራችሁ እንዲሰፋ አድርጉ፣ መልሱና ጠምዝዙት። አብዛኛውን ጊዜ ይሄ ይበቃዋል።

ከዚያ ፈትኑት። ዱላውን ወለሉ ላይ ተክላችሁ የላይኛውን አካላችሁን ክብደት ጣሉበት። አንድ ሴንቲሜትር እንኳ ከገባ አልተቆለፈም። ይህን ፈተና ቤት አድርጉት፤ ከዚያም ሚኒባሱ አውርዷችሁ ጉዞ ከመጀመራችሁ በፊት ድገሙት።

የእጅ ማሰሪያው

ማሰሪያው ዱላው እንዳይወድቅ ብቻ የተንጠለጠለ ይመስላል። ዋና ሥራው ግን ክብደት መሸከም ነው። እጃችሁን ከታች ወደ ላይ በማሰሪያው ውስጥ አሳልፉ። ከዚያ መዳፋችሁን ወደ ታች መልሱና ማሰሪያውን ከመያዣው ጋር አብራችሁ ያዙ። አሁን ስትገፉ ክብደቱ አንጓችሁ ላይ ያርፋል፤ ጣታችሁ ዱላውን አንቆ መያዝ አያስፈልገውም። ቀኑን ሙሉ አንቆ የያዘ ሰው ማታ እጁን መጨበጥ ያቅተዋል።

የማሰሪያው ርዝመት ልኩን ያዛባል። በጣም ከላላ እጃችሁ ከመያዣው በታች ይንሸራተታል፤ ዱላው የረዘመባችሁ ይመስላችኋል። መጀመሪያ ማሰሪያውን አስተካክሉ፣ ከዚያ ስለ ቁመቱ ፍረዱ።

ማሰሪያውን የምትፈቱበት ጊዜም አለ። ወንዝ ስትሻገሩ፣ ትላልቅ ድንጋይ መካከል ስታልፉ፣ ወይም በእጅ መያዝ የሚጠይቅ ቦታ ስትደርሱ እጃችሁን አውጡ። ዱላው ድንጋይ መካከል ተቀርቅሮ እናንተ ብትወድቁ አንጓችሁን ይዞት ይቀራል።

ሜዳው ላይ

ከደብረ ብርሃን ዙሪያ ባለው ሜዳ፣ ወይም ጓሳ ላይ ለጥ ባሉት ቦታዎች፣ በመነሻ ልካችሁ ሂዱ። ቀኝ እግር ሲቀድም ግራ ዱላ ይቀድማል። ይህን አታስቡበት፤ ካሰባችሁበት ትሳሳታላችሁ። እጃችሁን እንደ ወትሮው አወዛውዙ፣ ዱላው ራሱ ይከተላል።

ክረምት ላይ መረሬው አፈር ሲርስ ዱላው ይሰምጣል። 5 ሴንቲሜትር የሰመጠ ዱላ 5 ሴንቲሜትር ያጠረ ዱላ ነው። ክቡ ፕላስቲክ የተሠራው ለዚህ ነው፤ አውልቃችሁ ቤት አትተዉት። ጓሳ ሣሩ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ሣሩ ጉብ ጉብ እያለ ስለሚበቅል ጫፉ አንዴ ጉብታው ላይ፣ አንዴ መካከሉ ባለው ጉድጓድ ያርፋል። እዚያ ቁጥር መቀያየር ትርፉ ድካም ነው። ከመነሻው ትንሽ አሳጥሩና ዱላውን ወደ ሰውነታችሁ አቅርባችሁ ትከሉ።

ዳገት

የአንኮበር ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ያለበትን ጉብታ ስትወጡ፣ ወይም ከደብረ ሲና ወገን ወደ ጣርማበር ሽቅብ ስትሉ፣ ከፊታችሁ ያለው መሬት ወደ እናንተ ቀርቧል። ስለዚህ ዱላው ማጠር አለበት። ከመነሻው ከ5 እስከ 10 ሴንቲሜትር ቀንሱ። ዳገቱ በጨመረ ቁጥር ቅነሳውም ይጨምራል።

ምልክቱ ትከሻችሁ ነው። በያንዳንዱ እርምጃ ትከሻችሁ ወደ ጆሮ የሚወጣ ከሆነ ዱላው ገና ረጅም ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ሆናችሁ አየሩ በሳሳበት ቦታ ትከሻ ማንሳት የማይረባ ወጪ ነው። ዱላውን ከፊት ሩቅ ተክላችሁ ራሳችሁን ለመጎተትም አትሞክሩ። ከእግራችሁ አጠገብ ወይም ትንሽ ከኋላ ትከሉና ወደ ታች ግፉ።

የመንዝን ገበሬ እዩት። ዱላው አንድ እንጨት ነው፤ አይረዝም፣ አያጥር። ዳገት ሲመጣ እጁ በእንጨቱ ላይ ወደ ታች ይወርዳል። ቁልቁለት ሲሆን ወደ ላይ ይወጣል። በቃ፣ አስተካከለው። እናንተም ይህን ማድረግ ትችላላችሁ። ብዙ ዱላዎች ከዋናው መያዣ በታች ስፖንጁ ይቀጥላል፤ የተሠራውም ለዚሁ ነው። 2 ደቂቃ ለምትወጡት ዳገት ቆማችሁ ክሊፕ አትክፈቱ። እጃችሁን ከማሰሪያው አውጡና ዝቅ አድርጋችሁ ያዙ። ረጅም ዳገት ከሆነ ግን ቁሙና አስተካክሉ።

ቁልቁለት

ዱላ የሚገዛው ለዳገት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ዱላ የሚገዛው ለቁልቁለት ነው። ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ የሚወርደውን መንገድ አስቡት። ድሮ ከባሕር ጠረፍ የሚመጣው ሸቀጥ በቆላው በኩል አልፎ ወደ ሸዋ ደጋ የሚወጣበት የሲራራ መንገድ ነው። እናንተ በተቃራኒው ደጋውን ትታችሁ ወደ ቆላ ትወርዳላችሁ፤ ጉልበታችሁ በያንዳንዱ እርምጃ የሰውነታችሁንና የቦርሳችሁን ክብደት ይቀበላል።

በ1999 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት 25 ዲግሪ በሆነ ቁልቁለት ላይ ዱላ መጠቀም ጉልበት ላይ የሚያርፈውን ጫና ከ12 እስከ 25 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ይህ ግን ዱላው መሬት ሲደርስ ነው። ሜዳው ላይ የነበረውን ልክ ይዛችሁ ከወረዳችሁ ጫፉ መሬት እንዲነካ ማጎንበስ ይኖርባችኋል። ያጎነበሰ ሰው ክብደቱ ወደፊት ይሄዳል፤ ያዳልጠዋል።

ስለዚህ ከመነሻው ከ5 እስከ 10 ሴንቲሜትር ጨምሩ። ጭማሪውን ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት፣ ገና አፋፉ ላይ ቆማችሁ አድርጉት። መንገዱ መሃል ላይ አንድ እግር ከፍ ሌላው ዝቅ ብሎ ክሊፕ መክፈት አደጋ ነው። የ«ቁም» መስመሩንም ዞር ብላችሁ እዩ።

ልኩን በምን ታውቃላችሁ? ዱላውን አንድ እርምጃ ወደፊት ዝቅ ባለው መሬት ላይ ትከሉ። ጀርባችሁ ቀጥ እንዳለ፣ ክርናችሁም ትንሽ እንደታጠፈ ከሆነ ደህና ነው። እጃችሁ ሙሉ በሙሉ ከተዘረጋ አጥሯል። በተቃራኒው ዱላው ወደ ኋላ የሚገፋችሁ ከሆነ፣ ተረከዛችሁ ላይ እየተቀመጣችሁ የምትወርዱ ከሆነ፣ አብዝታችሁታል። ልቅ ጠጠር ላይ ተረከዝ ላይ መቀመጥ ቂጥ ላይ መቀመጥን ያመጣል። 2 ወይም 3 ሴንቲሜትር መልሱ።

አጭር ቁልቁለት ከሆነ ቁጥሩን አትንኩት። መዳፋችሁን መያዣው አናት ላይ አድርጋችሁ ደገፍ በሉበት። ጥቂት ሴንቲሜትር አተረፋችሁ።

እርጥብ ድንጋይ ላይ ግን ዱላው የቱንም ያህል በልኩ ቢሆን አትመኑት። ወፍ ዋሻ ደን ውስጥ ጥዱና ዝግባው ጥላ ስለሚሆን፣ ድንጋዩም ሻጋታ ስለሚይዝ ፀሐይ ወጥታ እንኳ ቶሎ አይደርቅም። ብረቱ ለስላሳ አለት ላይ ይንሸራተታል። ጫፉን ስንጥቅ ወይም አፈር ያለበት ቦታ ፈልጋችሁ ትከሉ፣ ክብደታችሁን ቀስ ብላችሁ ጣሉ።

በተራራው ወገብ ላይ አግድም ስትሄዱ

አንዱ ጎናችሁ ተራራ፣ ሌላው ገደል ሲሆን ሁለቱ ዱላዎች አንድ ልክ መሆን የለባቸውም። በተራራው በኩል ያለው ይጠር፣ በገደሉ በኩል ያለው ይርዘም። ሁለት እጃችሁ እኩል ከፍታ ላይ ከሆነ ተስተካክሏል። መንገዱ እየተጠማዘዘ ጎን የሚቀያይር ከሆነ ግን ቁጥር አትቀያይሩ። በገደሉ በኩል ያለውን በመያዣው፣ በተራራው በኩል ያለውን ከመያዣው ዝቅ አድርጋችሁ ያዙ። ሲዞር እናንተም አዙሩ።

አንድ ዱላ ብቻ ካላችሁ፣ ሁለት ሰው አንድ ጥንድ ተካፍሎ እንደሚሄደው፣ በገደሉ በኩል ያዙት። ልኩን ደግሞ ከመነሻው ትንሽ ከፍ አድርጉት። አንዱ ቁመተ ረጅም ሌላው አጭር ከሆናችሁ ስትለዋወጡ ልኩን መቀየር አትርሱ።

መንገድ ላይና ከመንገድ በኋላ

ሚኒባስ ወይም ቅጥቅጥ ስትሳፈሩ ዱላውን እስከ መጨረሻው አሳጥሩና የጎማ ቆቡን አጥልቁ። ሹሉን ብረት ይዞ ሰው መሃል መግባት ነውር ነው፤ ወንበሩንም ይቀድዳል። መንደር አካባቢ ዱላውን ወደ ሰው ወይም ወደ ውሻ አትሰብቁ። መንገዱ ክፍት መሆኑንና ሰላም መሆኑን ደግሞ ከመነሳታችሁ በፊት የአካባቢውን ሰው ጠይቁ። ጓሳ ስትሄዱ መንገዱን የሚያውቅ የአካባቢ አስጎብኚ ይዛችሁ ግቡ።

ቤት ስትገቡ ዱላውን እንደተቆለፈ ጥግ ላይ አታቁሙት። ሦስቱን ክፍል ለያዩ። ጭቃውን በውኃ እጠቡ፣ ውስጡ የገባውን ውኃ አንጠፍጥፉ፣ ተለያይተው ጥላ ላይ ይደሩ። እርጥብ ሆኖ የተገጠመ አሉሚንየም ውስጡ ይበላል፤ በሚቀጥለው ጉዞ ክፍሎቹ ተጣብቀው አንድ ሴንቲሜትር እንኳ አይንቀሳቀሱም። ዘይትም ሆነ ግሪስ አትቀቡት። መቆለፊያው የሚይዘው በሰበቃ ነው፤ ካለሰለሳችሁት ቁልቁለት ላይ ይገባባችኋል። ከደረቀ በኋላ ክፍሎቹን መልሳችሁ አስገቡ፣ ክሊፖቹን ግን ክፍት ተዉአቸው።